መካከለኛ የቤት መኪና ስንት ኩንታል ይመዝናል?

ከድሬዳዋ የተላከው ጥያቄ በአጭሩ እንዲህ ይላል፦ «ለቤተሰብ የሚሆን መካከለኛ መኪና ለመግዛት ሦስት መኪኖች አይቻለሁ። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1999 የተሠራ፣ ከጃፓን የመጣ ቶዮታ ኮሮላ ሲሆን ወረቀቱ 1,080 ኪሎ ግራም ይላል። ሁለተኛው ከአውሮፓ የመጣ ቮልስዋገን ፓሳት ነው፤ 1,480 ይላል። ሦስተኛው የቻይና የኤሌክትሪክ መኪና ነው፤ 1,750 ተጽፎበታል። ሻጮቹ ሁሉንም መካከለኛ ይሏቸዋል። የመካከለኛ መኪና ትክክለኛ ክብደት ስንት ነው? ይህን ያህል ልዩነትስ ከየት መጣ? በየሳምንቱ ወደ ሐረር ስለምመላለስ ከባዱን ብትገዛ ይሻልሃል የሚሉኝ ሰዎች አሉ፤ እውነት ነው?»

ከቁጥሩ ልጀምር። በቅርብ ዓመታት የተሠራና በቤንዚን የሚሄድ መካከለኛ የቤት መኪና ባዶውን ከ1,300 እስከ 1,600 ኪሎ ግራም፣ በእኛ የገበያ ስሌት ከ13 እስከ 16 ኩንታል ይመዝናል። ከሃያና ከሠላሳ ዓመት በፊት የተሠሩትና በከተማችን በብዛት የምናያቸው ከ10 እስከ 12 ኩንታል ናቸው። የኤሌክትሪክ መኪኖች ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከ16 ኩንታል ይጀምራሉ፤ ከ20 የሚያልፉም አሉባቸው። ስለዚህ የተነገሩዎት ሦስቱም ቁጥሮች የሚታመኑ ናቸው፤ ማንም ሻጭ አልዋሸዎትም። ችግሩ ሦስቱ ቁጥሮች በአንድ ዓይነት መንገድ የተቆጠሩ አለመሆናቸው ነው፤ እንዳሉ ጎን ለጎን አስቀምጦ ማወዳደር ያሳስታል። ለሐረሩ መንገድ ከሁሉ በላይ የሚያስፈልግዎን ቁጥር ደግሞ እስካሁን ከሻጮቹ አንዳቸውም አልነገሩዎትም፤ እሱም መኪናው በራሱ ክብደት ላይ ስንት ኪሎ መሸከም እንደተፈቀደለት ነው። ወደ እሱ እደርሳለሁ።

«መካከለኛ» የሚለው ስም ስለ ክብደት የሚናገረው ነገር የለም። አሜሪካኖች መካከለኛ የሚሉት የተሳፋሪውና የዕቃው ቦታ ተደምሮ ከ110 እስከ 120 ኪዩቢክ ጫማ፣ ማለትም ከ3.1 እስከ 3.4 ሜትር ኩብ የሚሆነውን መኪና ነው። ጃፓኖች የሚለኩት ርዝመቱን፣ ወርዱንና የሞተሩን መጠን ነው፤ ከ4.7 ሜትር ርዝመት ወይም ከ1.7 ሜትር ወርድ ወይም ከ2,000 ሲሲ ያለፈ መኪና ከትንንሾቹ ምድብ ይወጣና ቀረጡም ታርጋውም ይለወጣል። አውሮፓውያን በፊደል ስለሚመድቡ ኮሮላና ፓሳት በእነሱ ዘንድ የተለያየ ምድብ ውስጥ ናቸው። እኛ ዘንድ ግን ከቪትዝ የሚበልጥና ከላንድክሩዘር የሚያንስ የቤት መኪና ሁሉ መካከለኛ ይባላል። በዚህ ስፋት ባለው ስም ውስጥ የስድስትና የሰባት ኩንታል ልዩነት ቢገኝ ሊያስገርም አይገባም።

ቀጥሎ የአቆጣጠሩ ጉዳይ አለ። በአውሮፓ ሕግ የመኪና ባዶ ክብደት ሲባል 90 በመቶ ነዳጅ የተሞላ መኪና ላይ ለሾፌሩ 75 ኪሎ ግራም ተደምሮ ነው። ጃፓኖች ዘይቱን፣ ውሃውንና ነዳጁን ሞልተው ይመዝናሉ፤ ሾፌሩን ግን አይቆጥሩም። አሜሪካኖችም ሾፌሩን አይጨምሩም። እንግዲህ 1,480 የተባለልዎት ፓሳት የአውሮፓ ወረቀት ከሆነ ያለው፣ ከኮሮላው ጋር ሲወዳደር 1,405 ገደማ መባል ይኖርበታል። አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ሻጮች «ደረቅ ክብደት» የሚሉትን፣ ነዳጅም ዘይትም ውሃም የሌለበትን መኪና ቁጥር ይሰጣሉ። አንድ ሊትር ቤንዚን 750 ግራም ያህል ስለሚመዝን የፓሳቱ 70 ሊትር ታንክ ብቻውን ከ50 ኪሎ ግራም በላይ ይይዛል። ስለዚህ ማንም ሰው «ይህን ያህል ኪሎ ነው» ሲልዎ መጀመሪያ «ሾፌር አለበት ወይ? ነዳጅስ?» ብለው ይጠይቁ፤ ወረቀቱ የየትኛው አገር እንደሆነም ይዩ።

ይህ በተግባር ምን እንደሚመስል ከራሴ የሥራ ዘመን አንድ ነገር ልንገርዎ። ከዓመታት በፊት አንድ የኮሮላ ባለቤት መኪናው «ሰነፈ» ብሎ ወደ ጋራዥ አመጣው። ሞተሩ ደኅና ነበር። የተሸከመውን ለማወቅ ወደ አንድ የእህል መጋዘን የምድር ሚዛን ወሰድነውና 1,260 ኪሎ ግራም አነበብን፤ ወረቀቱ የሚለው 1,080 ነው። ባለቤቱ ወረቀቱ ሐሰት ነው ብሎ ደመደመ። አንድ በአንድ ስንቆጥር ግን የሾፌሩ ክብደት 78፣ ጣራው ላይ የተበየደው የብረት ዕቃ መጫኛ 28፣ ፊት ለፊት የታሰረው የብረት መከላከያ 32፣ ውሃ እንዳይጠፋበት ሁልጊዜ የሚይዛቸው ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካኖች 42፣ ወፍራሙ ምንጣፍና የወንበር ልብስ 8 ኪሎ ግራም ሆኑ። ታንኩ ግማሽ ስለነበር ከዚህ ላይ 19 ኪሎ ቀነስን። ውጤቱ 1,249 ነው። የመጋዘኑ ሚዛን ለከባድ ጭነት መኪና የተሠራና በሃያ በሃያ ኪሎ እየዘለለ የሚያነብ ስለነበር የ11 ኪሎው ልዩነት ከአንድ ዝላይ ያነሰ ነው። ወረቀቱም እውነት፣ ሚዛኑም እውነት ነበሩ፤ በመካከላቸው ያለው ሁለት ኩንታል የሚጠጋ ክብደት ሾፌሩና ባለቤቱ በጊዜ ብዛት የጨመራቸው ዕቃዎች ናቸው።

አሁን ወደ ዋናው ምክንያት፣ ወደ መኪናው አካል እንግባ። ከመካከለኛ መኪና ክብደት ከግማሽ በላይ የሚሆነው ብረት ነው። ያለ በርና ያለ ወንበር የቆመው የመኪናው አጽም ከጠቅላላው ሩብ ያህል ይወስዳል። አራት ሲሊንደር ያለው የቤንዚን ሞተር ከ120 እስከ 150 ኪሎ ግራም ሊመዝን ይችላል፤ ብሎኩ ከአልሙኒየም ከተሠራ ይቀንሳል፤ ምክንያቱም አልሙኒየም በአንድ ሊትር 2.7 ኪሎ ግራም ሲመዝን ብረት 7.85 ስለሚመዝን ነው። ካምቢዮው፣ ወንበሮቹ፣ መስታወቱ፣ ጎማዎቹ ከነቸርኬያቸው እያንዳንዳቸው በአሥሮች የሚቆጠር ኪሎ ያክላሉ። ከዚህ ሁሉ አንባቢን ይበልጥ የሚያሳስተው ግን ላሜራው ስለሆነ እሱ ላይ ልቆይ።

ሐረር የኖረ ሰው ፔጆ 404ን ያውቀዋል። ለዓሥርተ ዓመታት የከተማዋ ታክሲ ሆኖ በጀጎል በሮች ሲመላለስ የኖረ መኪና ነው። ስለ ክብደት በተነጋገርን ቁጥር «የድሮ መኪና ብረት ነው፤ የዛሬው ቆርቆሮ ነው» የሚለኝ ሰው ማስረጃ አድርጎ የሚጠቅስልኝ እሱን ነው፤ ቀጥሎም የአዲሱን መኪና በር በጣቱ አንኳኩቶ ድምፁን ያሰማኛል። ነገሩ ግን ተቃራኒው ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 መሠራት የጀመረው ፔጆ 404 ርዝመቱ 4.44 ሜትር፣ ክብደቱም ከ1,100 ኪሎ ግራም ብዙም የማይርቅ ነው። ዛሬ ከፋብሪካ የሚወጣው ኮሮላ ከ1,300 እስከ 1,400 ኪሎ ግራም ይመዝናል። ቆርቆሮ የተባለው አዲሱ መኪና ከፔጆው ሁለትና ሦስት ኩንታል ይበልጣል ማለት ነው።

ያ ተጨማሪ ብረት በጣት ሲያንኳኩት አይሰማም፤ ምክንያቱም የገባው ከቆዳው በስተጀርባ ነው። በበሩ ውስጥ የጎን ግጭት የሚመክት አግዳሚ ብረት አለ። በፊትና በኋላ በሮች መካከል ያለው ምሰሶ ድርብርብ ነው። በወንበሩ ሥር፣ በወለሉና በጣራው ጠርዝ ላይ የሚሄዱ ብረቶች ተሳፋሪውን እንደ ሣጥን ከበው ይይዛሉ። የፊተኛው አካል ደግሞ ሆን ተብሎ እንዲጨማደድ ተደርጎ ይሠራል፤ ግጭቱ ሰውየው ጋ ከመድረሱ በፊት ጉልበቱን እንዲበላው ነው። የበሩ ውጫዊ ላሜራ ውፍረት ሰባትና ስምንት አሥረኛ ሚሊሜትር ቢሆን ለዚህ ሥራ ለውጥ አያመጣም፤ እሱ ነፋስና ዝናብ ይከለክላል፣ ቀለም ይሸከማል። በር አንኳኩቶ የመኪናን ጥንካሬ የሚለካ ሰው ለጥንካሬው ከሁሉ ያነሰ ድርሻ ያለውን ክፍል ነው የሚፈትነው።

እዚህ ላይ ለብረቱ ዓይነት ትኩረት መስጠት ይገባል። ለበር ቆዳ የሚሆነው ተራ ላሜራ አንድ ካሬ ሚሊሜትር ስፋት ያለው ክሩ ከመበጠሱ በፊት 30 ኪሎ ግራም ያህል ይይዛል። በአዳዲስ መኪኖች ምሰሶ ውስጥ የሚገባው፣ ግሎ ሳለ በማተሚያ ተጨምቆ ወዲያው የሚቀዘቅዘው ብረት ግን በዚያው ስፋት 150 ኪሎ ግራም፣ አንድ ኩንታል ተኩል ያህል ይችላል። በአምስት እጥፍ የሚበረታ ብረት ካለ ውፍረቱን መቀነስ ይቻላል። ለዚህ ነው እንደ ሱዙኪ ዲዛየር ያሉ መኪኖች ከ10 ኩንታል በታች ሆነው ዘመናዊ የሚባሉት፤ ቀላልነታቸው ከብረት መጓደል ብቻ የመጣ አይደለም።

ይህንን ያነሳሁት ለባቲላሜራ ባለሙያዎቻችንም ጭምር ነው። እንዲህ ያለው ጠንካራ ብረት ጥንካሬውን ያገኘው ከሙቀት አያያዙ ስለሆነ፣ በጋዝ እሳት አግሎ በመዶሻ ማቃናት ጥንካሬውን ያጠፋዋል። ከውጭ ሲታይ ቀጥ ብሎ፣ ቀለም ተቀብቶ ያምራል፤ በሁለተኛው ግጭት ግን እንደ ተራ ላሜራ ይታጠፋል። ስለዚህ ያገለገለ መኪና ሲገዙ በበሮቹ መካከል ያለው ምሰሶ ተቆርጦ ወይም ተበይዶ እንደሆነ የጎማ ማኅተሙን ገለጥ አድርገው ይመልከቱ። ወፍራም ስቱኮ የተለጠፈበት አካል ክብደትም ይጨምራል፤ ሁለት ሦስት ኪሎ ቢሆንም የሚነግርዎ ነገር ግን ከኪሎው በላይ ነው።

መኪኖች በዓመታት መካከል የወፈሩት በደኅንነት ምክንያት ብቻ አይደለም። የመጀመሪያው ኮሮላ እ.ኤ.አ. በ1966 ሲወጣ ርዝመቱ 3.85 ሜትር፣ ክብደቱም 700 ኪሎ ግራም ገደማ ነበር፤ ሰባት ኩንታል። በተመሳሳይ ስም የሚሸጠው የዛሬው ሴዳን 4.63 ሜትር ሲሆን ክብደቱ ወደ እጥፍ ተጠግቷል። በመካከሉ የአየር ማቀዝቀዣ ገባ፤ መስታወት በሞተር የሚወጣና የሚወርድ ሆነ፤ ወንበሩ ወፈረ፤ ድምፅ የሚያፍን ምንጣፍ በወለሉና በሞተሩ ክፍል ግድግዳ ላይ ተነጠፈ፤ ጢስ የሚያጣራ ዕቃ በጭስ ማውጫው ላይ ተጨመረ፤ ቸርኬው ከ12 ኢንች ወደ 15 እና 16 አደገ። ከሁሉም የሚከተለው ደግሞ አንዱ ክብደት ሌላውን መጥራቱ ነው፦ መኪናው ሲከብድ ትልቅ ሞተር ይፈልጋል፤ ትልቁ ሞተር ትልቅ ፍሬን፣ ወፍራም ሞላና ሰፊ ጎማ ይፈልጋል፤ እነዚህም በፈንታቸው ይከብዳሉ።

የአንድ ሞዴል መኪኖችም እርስ በርሳቸው ይለያያሉ። በአንድ ዓመት የወጡ ሁለት ኮሮላዎች አንዱ 1.3 ሊትር ሞተርና ማንዋል ካምቢዮ፣ ሌላው 1.8 ሊትርና አውቶማቲክ ቢኖረው ልዩነታቸው በቀላሉ ከ80 ኪሎ ግራም ያልፋል። አራቱንም ጎማ የሚያዞር ከሆነ ዘንጉና የኋላ ዲፈረንሻሉ ከ60 እስከ 100 ኪሎ ግራም ሊያክሉ ይችላሉ። ጣራው የሚከፈት ከሆነ መስታወቱ፣ ሞተሩና ማጠንከሪያው ተጨምረው ሃያ ሠላሳ ኪሎ ይመጣል፤ ያውም በመኪናው የመጨረሻ ከፍታ ላይ። ቤንዚንና ኤሌክትሪክ ያጣመሩት ሃይብሪዶች ባትሪያቸው ትንሽ ስለሆነ ከወንድሞቻቸው ብዙ አይርቁም፤ በአብዛኛው ከአንድ ኩንታል በታች ነው ጭማሪያቸው።

የኤሌክትሪኩ መኪና ታሪክ ግን የተለየ ነው። አገራችን በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከወሰነች ወዲህ ይህ ጥያቄ ለእኛ ዋና ጥያቄ ሆኗል። የቤንዚን ታንክ 50 ሊትር ቢይዝ 37 ኪሎ ግራም ነው፤ እየሄዱ በሄዱ ቁጥርም ይቀልላል። 60 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ግን ከነማቀፊያው 400 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ሞላም ጎደለም ያው ነው። ሞተሩ፣ ካምቢዮውና ጭስ ማውጫው በመቅረታቸው የተገኘው ቅናሽ ይህን አያካክስም፤ ባትሪውን ከግጭት የሚጠብቀው የወለል ብረትም ይጨመርበታል። የባትሪው ዓይነትም ልዩነት ያመጣል። ብረትና ፎስፌት ያለበት የሊቲየም ባትሪ ኒኬል ካለበት ይልቅ ለተመሳሳይ ጉልበት ይከብዳል፤ በአንጻሩ ሙቀትን በተሻለ ሁኔታ ስለሚታገሥ ለድሬዳዋ አየር ኪሎውን ተቀብዬ እሱን እመርጣለሁ። 1,750 የተባለው መኪናዎ በዚህ ሚዛን ሲታይ ከመካከለኞቹ አንዱ ነው፤ በከተሞቻችን የምናየው ቮልስዋገን አይዲ ፎር 20 ኩንታልና ከዚያ በላይ የሚመዝኑ ዓይነቶች አሉት።

እንግዲህ ከድሬዳዋ ወደ ሐረር ወደሚያስወጣው አቀበት፣ ወደ ደንገጎ እንውጣ። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር አካባቢ ላይ ስትሆን የደንገጎ መንገድ አናቱ ላይ ከ2,000 ሜትር ያልፋል። መውጫውን 800 ሜትር ብቻ ብለን ብንወስድ፣ እያንዳንዱ ተጨማሪ ኩንታል በዚህ አቀበት የሚበላው ቤንዚን አሥረኛ ሊትር ያህል ነው፤ በገንዘብ ሲታሰብ ትንሽ ነው። የሚሰማው ጉልበቱ ላይ ነው። ተራ የቤንዚን ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ያህል ያጣል፤ አየሩ ስለሚሳሳ ነው። 1.3 ሊትሩ ኮሮላ ከፋብሪካ ይዞት የወጣው ወደ 85 የፈረስ ጉልበት አናቱ ላይ ሲደርስ ከ70 ብዙም አይበልጥም። አራት ሰው ጭኖ 14 ኩንታል ሲጎትት ሁለተኛ ማርሽ የሚለምነው ለዚህ ነው። ቱርቦ ያለው ሞተር ይህን ጉድለት ያካክሳል፤ የኤሌክትሪክ ሞተር ጨርሶ አይነካውም። ስለዚህ በአቀበቱ ላይ ከሦስቱ ከባዱ፣ የኤሌክትሪኩ፣ ከቀላሉ ቀድሞ ይወጣል።

ቁልቁለቱ ላይ ግን ክብደት ዋጋ ያስከፍላል። ይህን በቁጥር ማየት ጥሩ ነው። 11 ኩንታሉ መኪና አራት ሰው ይዞ 14 ኩንታል ሆኖ 800 ሜትር ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት 35 ሊትር ያህል ቀዝቃዛ ውሃ አፍልቶ ይነሳል። 19 ኩንታል የሚመዝን መኪና በዚያው ጭነት ሲወርድ 55 ሊትር ያፈላል። ከዚህ ከፊሉን ጎማና አየር ይወስዱታል፤ የቀረውን ግን ሞተሩ ካልያዘው በስተቀር ፍሬኑ ነው የሚሸከመው፤ ያም ማለት ዲስኩ፣ ሸራውና የፍሬን ዘይቱ። አዲስ የተሞላ ዶት 4 የፍሬን ዘይት እስከ 230 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል። ከአየሩ እርጥበት የመጠጠ አሮጌ ዘይት ግን 155 ዲግሪ አካባቢ ሊፈላ ይችላል፤ ሲፈላ ፔዳሉ ወደ ወለል ይሰምጣል። በዚያ ጠመዝማዛ መንገድ ላይ ይህ የደረሰበትን ሾፌር አውቃለሁ፤ ከተራራው በኩል ባለው ቦይ ውስጥ ገብቶ ስለቆመ ተረፈ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወደ ሐረር የሚመላለስ ደንበኛዬን ሁሉ የፍሬን ዘይት በየሁለት ዓመቱ ሳያስቀይር እንዲወርድ አልፈቅድለትም።

በቤንዚን መኪና መፍትሔው የታወቀ ነው፤ በወጡበት ማርሽ መውረድ። አውቶማቲክ ከሆነ ካምቢዮውን ወደ ዝቅተኛው ማርሽ ማውረድ ያስፈልጋል። በኤሌክትሪክ መኪና ደግሞ ሞተሩ ወደ ኋላ ሠርቶ ቁልቁለቱን ወደ ባትሪ ይመልሰዋል። ፍሬኑ ሳይግል፣ ያውም ጥቂት ኪሎዋት ሰዓት ተጨምሮልዎት ድሬዳዋ ይደርሳሉ። ነገር ግን ባትሪው መቶ በመቶ ሞልቶ ከሆነ የሚገባውን ጉልበት የሚቀበልበት ቦታ ስለሌለው መኪናው ይህን መያዣ ይቀንሳል ወይም ያቆማል፤ ያን ጊዜ ያ ሁሉ ክብደት በፍሬን ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ሐረር ወይም ሐረማያ ቻርጅ ካደረጉ በ80 ወይም በ85 በመቶ ላይ ነቅለው ይነሱ።

«ከባዱ ይሻላል» ያሉዎት ሰዎች ግጭትን አስበው እንደሆነ በከፊል ልክ ናቸው። ሁለት የቤት መኪኖች ፊት ለፊት ሲጋጩ ቀላሉ የበለጠ ይጎዳል። ነገር ግን በዚያ መንገድ ላይ የሚፈሩት የጭነት መኪናውን ነው፤ ከነጭነቱ ከ70 ኩንታል በላይ የሆነ አይሱዙ ሲመጣብዎ የእርስዎ 11 ወይም 17 ኩንታል መሆን ከቀበቶው፣ ከአየር ከረጢቱና ከአካሉ አሠራር ያነሰ ለውጥ ያመጣል። የ1999ኙ ኮሮላ ድክመቱም ቀላልነቱ ሳይሆን ከእሱ በኋላ የመጡት የጎን መከላከያዎች የሌሉት መሆኑ ነው።

መጀመሪያ ላይ ያቆየሁት ቁጥር እዚህ ይመጣል። መኪና ሁለት ክብደት አለው፤ ባዶው ክብደትና ከነጭነቱ ሊደርስበት የተፈቀደው ጠቅላላ ክብደት። ሁለተኛው ላይ የመጀመሪያውን ቀንሰው የሚያገኙት ልዩነት የሚሸከመው ነው። ለአብዛኞቹ የቤት መኪኖች ይህ ከ400 እስከ 500 ኪሎ ግራም ነው፤ መኪናው 11 ኩንታል ይሁን 17 ብዙ አይለወጥም። የኤሌክትሪክ መኪናው ስድስት ኩንታል ስለከበደ ስድስት ኩንታል የበለጠ አይጭንም፤ ክብደቱ የራሱ የባትሪ ጭነት ነው። አምስት ሰው በ70 ኪሎ ሂሳብ 350 ኪሎ ግራም ነው። ሲመለሱ ከሐረማያ አንድ ኩንታል ድንችና ግማሽ ኩንታል ሽንኩርት ከጫኑ 500 ሞላ። ጣራው ላይ ሌላ ከታከለበት የኋላው ሞላ ይቀመጣል፤ የፊቱ ጎማ ቀለል ይላል፤ መሪውም ቁልቁለት ላይ እንደ ልብ አይታዘዝም። ይህ ደግሞ በገበያ ቀን ስንት ጊዜ እንደሚደረግ ሁላችንም እናያለን።

ይህን ቁጥር ከአውሮፓ በመጣው መኪና ላይ በሾፌሩ በር ምሰሶ ወይም ሞተሩ ክፍል ውስጥ ካለችው ሳህን ላይ ያገኙታል። አራት ቁጥሮች ተደርድረው ይታያሉ፤ የመጀመሪያው የተፈቀደው ጠቅላላ ክብደት ነው፤ ሁለተኛው ተጎታች ሲኖር ነው፤ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ የፊትና የኋላ አክስል ናቸው። ለጃፓኑ ኮሮላ አብሮት የመጣውን ወረቀት ይመልከቱ፤ ባዶውና ጠቅላላው ክብደት ለየብቻ ተጽፈውበታል።

ከዚያ ጎማውን ያንብቡ። ከጎማው ልክ ቀጥሎ የምትጻፈው ሁለት ወይም ሦስት አኃዝ ያላት ቁጥር የመሸከም ልክ ናት፤ 82 ማለት 475 ኪሎ ግራም፣ 88 ማለት 560፣ 91 ማለት 615፣ 94 ማለት 670፣ 105 ማለት 925 ኪሎ ግራም በአንድ ጎማ ነው። ለቀላል መኪና የተሠራ ጎማ ልኩ ስለገጠመ ብቻ ለኤሌክትሪክ መኪና ሲገጠም በተደጋጋሚ አጋጥሞኛል። በድሬዳዋ የቀትር አስፋልት ላይ፣ ነፋሱ ጎድሎ፣ ከአቅሙ በላይ ተጭኖ የሚሄድ ጎማ ከውስጥ ይግልና ሽቦው ከጎማው ይላቀቃል፤ የሚፈነዳው ብዙ ጊዜ ከዚያ በኋላ በፍጥነት ሲሄድ ነው። ሦስቱን መኪኖች ሊያዩ ሲሄዱ የአራቱንም ጎማ ይህን ቁጥር ይጻፉ፤ በአንድ አክስል ላይ ያሉት የሁለቱ ጎማዎች ድምር ሳህኑ ላይ ከተጻፈው የአክስል ክብደት ካነሰ፣ ከዋጋው ላይ የአዲስ ጎማ ሂሳብ ቀንሰው ይነጋገሩ።